የሥዕልዎ ህትመት ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ «በዘይት ቀለምና በአክሪሊክ እሥላለሁ። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሥዕሌን ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ባለው ስልኬ አንስቼ በዚያው መጠን ሸራ ላይ አሳተምሁት። የወጣው ጨለም ያለ ነው፤ ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል፤ ከላይ በኩል ደግሞ ነጭ ነጸብራቅ አለበት። ማተሚያ ቤቱ ‹ፎቶዎ 72 ዲፒአይ ስለሆነ ነው› አለኝ። በኮምፒውተር 300 አድርጌ ብመልስላቸውም ምንም አልተለወጠም። ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ መደበኛ የህትመት ቀለሞች) ቀይሬ ብልክላቸው ይሻላል? ወይስ የራሴን ማተሚያ ልግዛ? ሥዕሉ በቅርቡ ገዢ አግኝቷል፤ ከሸጥሁት በኋላ ቅጂውን እያተምሁ መሸጥ እችላለሁ?»

ማተሚያ ቤቱ ጥፋቱን ወደ ፎቶው መግፋቱ በአብዛኛው ልክ ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን ስህተት ነው። እርስዎም የተሳሳተውን ምክንያት ተቀብለው የተሳሳተ መድኃኒት ፈለጉለት። ዲፒአይ በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚታተም የሚናገር ቁጥር ነው፤ 72 ወይም 300 የሚለው ግን በፋይሉ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ እንጂ በውስጡ ያለው ምስል አይደለም። ሃምሳ ኪሎ እህል በያዘ ጆንያ ላይ «መቶ ኪሎ» ብሎ መጻፍ እህሉን አያበዛውም። መጠየቅ ያለበት በፋይሉ ውስጥ ስንት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ፣ አለ የሚለው ነው።

ስልክዎ የሚሰጠው 3,000 በ4,000 ፒክስል ነው። 60 ሳንቲ ሜትር 23.6 ኢንች ስለሆነ 3,000ውን ለ23.6 ሲያካፍሉት በአንድ ኢንች 127 ፒክስል ይደርስዎታል። በዚያው መጠን 300 ለማግኘት 7,087 በ9,449፣ ማለትም ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጋ ፒክስል ያስፈልጋል፤ ለ200 ደግሞ 30 ሚሊዮን ያህል። ታዲያ 300 ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በእጅ ተይዞ ከቅርብ ለሚታይ ትንሽ ህትመት ተገቢ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ለሚታይ ሥዕል ግን 200 ይበቃል። ሸራ የራሱ ሽመና ስላለው በ150 ቢታተምም ልዩነቱን የሚለይ ዓይን ጥቂት ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ 127 ፒክስል ህትመትዎን ያለዝበዋል እንጂ አያጠቁረውም፤ ሰማያዊውንም ወይን ጠጅ አያደርገውም፤ ነጸብራቅም አያመጣም። ካነሷቸው ሦስት ቅሬታዎች አንዱም የፒክስል ቁጥር ያመጣው አይደለም።

ፒክስል የሚያበዙ አዳዲስ የኮምፒውተር መሣሪያዎች እንዳሉ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። ለአበባ ፎቶ ይሁኑ። ለሥዕል ግን አልመክርም፤ የጎደለውን ዝርዝር ራሳቸው ፈጥረው ይሞላሉና፣ እርስዎ ያልነኩት ቦታ ላይ የሌላ ሰው ብሩሽ አልፎበት ያገኙታል። ፊት በሦስት ጭረት የሚሠራ ሠዓሊ ከሆኑ ያቺን ፊት ቅንድብና ሽፋሽፍት አውጥተውላት ይመልሱልዎታል። በስምዎ የሚሸጥ ሥራ ላይ ይህን መቀበል የለብዎትም።

ወደ እውነተኛዎቹ ምክንያቶች ልለፍ። ስልክ ሰው የሚወደውን ፎቶ እንዲያወጣ የተሠራ እንጂ የሥዕልን ቀለም እንዳለ እንዲቀዳ የታሰበ መሣሪያ አይደለም። ጥላውን በራሱ ፈቃድ ያነሣል፣ ድምቀቱን ያወርዳል፣ ጠርዞችን ያጎላል፣ የቀለም ሚዛኑን ደግሞ ያየውን ትዕይንት ገምቶ ይወስናል። ምሽትን አስበው በቢጫ የሸፈኑት ሥዕል ሲቀርብለት «ብርሃኑ ቢጫ ነው» ብሎ ይደመድምና ቢጫውን ያጥብልዎታል። ዋናው ሌንሱም ሰፊ እይታ ያለው ስለሆነ ቀረብ ብለው ሲያነሱ የሥዕሉ ቀጥ ያሉ ጠርዞች ይጎብጣሉ፤ ይህንንም ስልኩ በስሌት ሲያቃናው ማዕዘኖቹ ይሳሳሉ።

ከካሜራው በላይ የሚወስነው ግን ብርሃኑ ነው። ያ ነጭ ነጸብራቅ መስኮትዎ ወይም አምፖልዎ ነው፤ የዘይት ቀለም ገጽ መስታወት ባይሆንም በየብሩሹ ጭረት ጀርባ ላይ ትንንሽ መስታወቶች አሉት። መፍትሔው የታወቀ ነው። ሁለት እኩል መብራቶች ከሥዕሉ ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ይቆማሉ፤ ርቀታቸው ከሥዕሉ ረጅም ጎን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ሲቀርቡ ዳሩን አብርተው መሃሉን ያጨልማሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላ ብርሃን ሁሉ ይጥፋ፣ መጋረጃው ይዘጋ፣ እርስዎም ደማቅ ቲሸርት አይልበሱ፤ ቀይ ልብስ በነጭ ሸራ ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ሳላይ በፊት ይህ ለእኔም ቀልድ ይመስለኝ ነበር። መብራቶቹ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ሥዕሉ ባለበት ቦታ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ያንሱና በኮምፒውተር መሃሉንና አራቱን ማዕዘኖች ይለኩ፤ ከ0 እስከ 255 በሚሄደው መለኪያ ልዩነቱ ከ3 ወይም ከ4 በላይ ከሆነ መብራቶቹን ያንቀሳቅሱ።

የመብራቱ ዓይነትም ዋጋ አለው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ለዓይን ነጭ ቢመስልም በውስጡ የጎደሉ የብርሃን ክፍሎች አሉ። በተለይ ጥልቁ ቀይ ይጎድለዋል። ያልበራ ቀለም ደግሞ አይነሳም፤ በኋላ በኮምፒውተር ላምጣው ቢሉም ከየትም አይመጣም። የቀለም ታማኝነት መለኪያው ሲአርአይ 95 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ «የቀለም ሙቀት» የሚባለው የነጭነቱ መለኪያም ወደ 5,000 ኬልቪን የሚጠጋ መብራት ይምረጡ። ሁለቱም መብራቶች አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱን አምፖል፣ ሌላውን መስኮት አድርጎ ማንሳት በግማሽ ሰማያዊ በግማሽ ቢጫ የሆነ ሥዕል ይሰጣል፤ ያን ደግሞ የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም።

ይህን ሁሉ አድርገውም ነጸብራቁ ከቀረ፣ በተለይ ሥዕሉ ቫርኒሽ የተቀባ ወይም ወፍራም ቀለም ያለበት ከሆነ፣ ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ያስፈልጋል። በሁለቱም መብራቶች ፊት የፖላራይዘር ፊልም በአንድ አቅጣጫ ይደረጋል፤ በሌንሱ ላይ ደግሞ ሌላ ፖላራይዘር ተገጥሞ ነጸብራቁ እስኪጠፋ ድረስ ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሠዓሊ ይደነግጣል፤ ያ ሁሉ ንጣት በአንድ ጊዜ ረግፎ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ ይቀርባል። ሆኖም ሦስት ነገር ይጠብቁ። ፊልሙ ለጋለ መብራት ሲጠጋ ይቀልጣል። ነጸብራቁ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የቀለሙ ጉብጉብታም አብሮ ስለሚጠፋ ሥዕሉ እንደተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ማጣሪያውን ከጫፍ ትንሽ መለስ አድርጎ የተወሰነ ብልጭታ መተው ይሻላል፤ አለዚያም በፖላራይዘርና ያለ ፖላራይዘር የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን በኮምፒውተር ማዋሃድ ይቻላል። ሦስተኛው፣ ሥዕሉ ላይ የወርቅ ቅብ ካለ ይህ ዘዴ ወርቁን ያጠቁረዋል፤ ከብረት ገጽ የሚመለስ ብርሃን የሚርገበገብበትን አቅጣጫ (ፖላራይዜሽኑን) ይዞ ስለሚመለስ ማጣሪያው አያሳልፈውም።

ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ትይዩ መሆኑን በዓይን መገመት አያዋጣም። በሥዕሉ መሃል ላይ ጠፍጣፋ መስታወት ይለጥፉ ወይም ያስደግፉና በካሜራው ይመልከቱ፤ የሌንሱ ምስል በትክክል መሃል ላይ ከታየ ትይዩ ነው፤ ካልታየ እስኪታይ ድረስ ካሜራውን ያንቀሳቅሱ። ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ያለ፣ ቢቻል ለቅርብ ፎቶ የተሠራ ሌንስ፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት)፣ ጠንካራ ባለሦስት እግር ማቆሚያና በእጅ ሳይነካ የሚያነሳ ሰዓት ቆጣሪ፤ ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም። ፋይሉ ጄፔግ ሳይሆን ሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካካ ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል፣ ይሁን። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ለእርስዎ መጠን በኢንች 170 ያህል ይሰጣል፤ ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ሆኖ እየተንቀሳቀሰ ሲሶ ያህል የሚደራረቡ አራት ክፍሎች አንስቶ በማገጣጠም ግን ከ250 በላይ መድረስ ይቻላል። መብራቶቹ በዚህ ጊዜ ከቦታቸው ንቅንቅ ማለት የለባቸውም።

ያነሱት ሁሉ ቀለሙ እውነት መሆኑን የሚመሰክርለት ነገር ይፈልጋል። ለዚህ የተሠራ ባለ 24 መደብ የቀለም ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ መደብ ትክክለኛ ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሰሌዳውን በዚያው መብራት ሥር ከሥዕሉ ጎን አንድ ጊዜ ያነሱታል፤ ፕሮግራሙ ካሜራው ያየውንና መታየት የነበረበትን አነጻጽሮ ፕሮፋይል፣ ማለትም የካሜራውን የቀለም ስህተት የሚያርም ፋይል፣ ይሠራል። ይህን ሳያደርጉ ቀለም ማስተካከል ማለት ከትዝታ ማስተካከል ነው። ትዝታ ደግሞ ሁልጊዜ ያደምቃል፤ ሠዓሊ የሠራውን ብቻ ሳይሆን ሊሠራ ያሰበውንም ስለሚያስታውስ የራሱን ሥዕል ቀለም በማረም የመጨረሻው ታማኝ ሰው ነው። ይህን የምለው በቅሬታ አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ አጠገባችን እስካለ ድረስ ከትዝታችን ይልቅ እሱን እንይ ለማለት ነው።

ሰማያዊዎ ለምን ወይን ጠጅ ሆነ? አልትራማሪን ወይም ኮባልት የተባሉትን ሰማያዊዎች ተጠቅመው ከሆነ ይህ የታወቀ ጣጣ ነው። ሁለቱም የቀለም ዱቄቶች (ፒግመንቶች) ሰማያዊውን ብቻ ሳይሆን ዓይናችን ሊያየው ከሚችለው ዳርቻ ላይ ያለውን ጥልቅ ቀይ ብርሃንም ይመልሳሉ። ዓይን ያንን ከምንም አይቆጥረውም፤ የካሜራው ቀይ መቀበያ ግን ሊያየው ይችላል። ሰማያዊና ቀይ ሲደመር ምን እንደሚሆን ሠዓሊ አይነገረውም። የቀለም ሰሌዳው ፕሮፋይል አብዛኛውን ያቃናል፤ የቀረውን ሰማያዊውን ለብቻው መርጦ፣ ሥዕሉን አጠገብ አቁሞ በእጅ ማስተካከል ነው።

ሥራዎ በወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ትቼ በጥሩ ስካነር፣ በ600 ዲፒአይ ያድርጉት እል ነበር። ለወፍራም ዘይት ቀለም ግን ስካነር አይሆንም፤ ፓስቴልና ከሰል ደግሞ መስታወቱ ላይ ረግፈው ይቀራሉ።

አሁን ስለ ጨለማው። እንዲህ ላለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ማተሚያው ሳይሆን ስክሪኑ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ ያገኘውን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ስልክና ላፕቶፕ በሙሉ ድምቀታቸው በካሬ ሜትር ከ250 ካንዴላ (የድምቀት መለኪያ) በላይ ያበራሉ፤ ለህትመት ሥራ የሚመከረው ከ80 እስከ 120 ነው። በደማቅ ስክሪን ላይ «ደህና ነው» ያሉት ፋይል በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይጨልማል። በስክሪን መለኪያ መሣሪያ አስተካክለው መሥራት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ መሣሪያው ከሌለ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይዘው በስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ገጽ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ድምቀቱን ማውረድ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። በእርስዎ ላይ የተጨመረ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ ቫርኒሽ ያልተቀባ የህትመት ሸራ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ጥላው ሁሉ ተድበስብሶ አንድ ይሆናል።

ሲኤምዋይኬ አድርገው መላክዎን ይተዉት። ይህ ለመጽሔትና ለፖስተር የኦፍሴት ህትመት የመጣ ልማድ ነው። የጥበብ ሥራ የሚያትሙ ማሽኖች ከ8 እስከ 12 የሚደርሱ የህትመት ቀለሞች ስላሏቸው ከተለመደው ሲኤምዋይኬ የሰፋ የቀለም ክልል አላቸው፤ እርስዎ ቀድመው ሲቀይሩት ያን ትርፍ በገዛ እጅዎ ይጥሉታል፤ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ፋይሉን በአዶቢ አርጂቢ (ሰፊ የቀለም ክልል)፣ በ16 ቢት (ብዙ የቀለም ደረጃ)፣ በቲፍ (ምስሉን ሳያጎድል የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡና ከማተሚያ ቤቱ አይሲሲ ፕሮፋይል፣ ማለትም ያ ማሽን በዚያ ወረቀት ላይ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጸውን ፋይል፣ ይጠይቁ። በእሱ የህትመቱን መልክ በስክሪን ላይ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ፕሮፋይሉን ሲጠይቁት ግራ የሚጋባ ማተሚያ ቤት ካጋጠመዎት ይመርቁትና ወደ ሌላ ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጣጣ ላንሳ። እኛ ሠዓሊው የሚቀባውንም፣ ማሽኑ የሚረጨውንም፣ ዓይን የሚያየውንም «ቀለም» እንለዋለን። «ቀለሙ ልክ አይደለም» ብለው ሲናገሩ ማተሚያ ቤቱ የማሽኑ ቀለም እንዳለቀ ሊረዳ ይችላል። «ሰማያዊው ከዋናው ይልቅ ወደ ቀይ ያደላል»፣ «ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ጠፍቷል» እያሉ በትክክል ምን እንዳዩ ቢነግሩት፣ ባለሙያ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ምንም ቢደረግ የማይታተሙ ነገሮች አሉ። የሚያበሩ የፍሎረሰንት ቀለሞች ከተቀበሉት ብርሃን ውስጥ ዓይን የማያየውን ጭምር ወደሚታይ ቀለም ለውጠው የሚመልሱ ስለሆኑ ተራ የህትመት ቀለም አይደርስባቸውም። ወርቅና ብር ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጡ ናቸው፤ በህትመት ቡናማና ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። አንዳንድ ጠንካራ ብርቱካናማዎችና ጥልቅ ሰማያዊዎችም ከማሽኑ ክልል ይወጣሉ። እነዚህ ሥዕሉን የሚሸከሙ ከሆኑ ያንን ሥዕል አለማተም ነው፤ ሌላ ይምረጡ። ሁሉም ሥዕል ለህትመት አይሆንም።

ስለ ማሽኑ ዓይነት አጭር ታሪክ ልንገርዎ፤ ሻጮች የሚያበዙትን ስም ለመረዳት ይጠቅማል። የጥበብ ሥራ በቀለም መርጫ ማሽን ሲታተም የሚሰጠው ጂክሌ የሚባለው ቃል በ1991 የተፈጠረ ነው፤ ጃክ ዱጋን የተባለ የህትመት ባለሙያ «መርጨት» ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ወሰደው። በጊዜው የሚሠራበት አይሪስ የተባለው ማሽን ለሌላ ሥራ፣ ለመጽሔት የቀለም ማረጋገጫ የተሠራ ነበር፤ የሚረጨው የቀለም ፈሳሽም በቶሎ የሚደበዝዝ ስለነበር ከመጀመሪያዎቹ ህትመቶች ብዙዎቹ ዕድሜ አላገኙም። ዛሬ ስሙን ማንም በማንኛውም ህትመት ላይ ይለጥፈዋል፤ ስለዚህ ስሙ ምንም ዋስትና አይሰጥዎትም። መጠየቅ ያለብዎት ቀለሙ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው ወይስ የማይሟሟ ደቃቅ ፒግመንት የሚለውን ነው። መልሱ ፒግመንት መሆን አለበት። በመስታወት ሥር፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ፣ በጥሩ ወረቀት የታተመ ፒግመንት ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ማቅለሚያው ግን ፀሐይ ካገኘው በጥቂት ዓመታት ይገረጣል።

ሸራን የመረጡት ዋናውን እንዲመስል ይመስለኛል። ዋናውን መምሰሉ ነው ችግሩ። የታተመ የብሩሽ ጥላ በታተመ ሸራ ላይ ሲያርፍ ሩቅ ለቆመ ሰው ሥዕል፣ ቀረብ ላለ ሰው ደግሞ የተታለለበት ነገር ይሆናል። ሸራ ሲወጠር እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቫርኒሽ ካልተቀባ በጣት ይፋቃል፤ ጎኑ ላይ እንዲጠቀለልም በየአቅጣጫው አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይፈልጋል፤ ይህንንም ካላሰቡበት ፊርማዎ ወደ ጎን ይታጠፋል። መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ፣ አሲድ የሌለው፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም አካባቢ የሚመዝን ወረቀት ህትመት መሆኑን አይደብቅም፤ የብሩሹንም ዝርዝር ከሸራ ይልቅ አጥርቶ ያወጣል። ሥዕልዎ ጥልቅ ጥላ የሚበዛበት ከሆነ ገጹ ከፊል የሚያበራ የባሪታ (በነጭ ማዕድን የተለበጠ) ወረቀት ጥቁሩን ያጠነክርልዎታል፤ ፈዘዝ ያለና ለስላሳ ከሆነ ልስልሱ የማያበራው ይሻላል። ሲገዙ ንጣት የሚጨምር ኬሚካል የሌለበትን ይምረጡ፤ ያ ኬሚካል ኃይሉን ሲያጣ ወረቀቱ ቢጫ ይሆናል፤ ሰማይዎም አብሮ ይለወጣል።

የራስዎን ማተሚያ ስለ መግዛት መልሴ አይሆንም ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚያትም ማሽን ጥቅል ወረቀት የሚወስድ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ የፒግመንት ማሽን ደግሞ ሳይሠራ ሲቆም አፍንጫው ይደርቃል፤ ለማጽዳትም ውዱን ቀለም ይጠጣል። በየሳምንቱ ካላተሙ በስተቀር ገንዘብዎ ማሽኑን በማጠብ ያልቃል። የጥፋትዎ ምንጭ ፎቶው ሆኖ ሳለ ማሽን መግዛት፣ የደፈረሰውን ውኃ በአዲስ ገንቦ መቅዳት ነው።

ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት ቁራጭ ያሳትሙ። ሥዕሉን በትንሹ ማሳተም ማለቴ አይደለም፤ ከሙሉው መጠን ላይ ጨለማው፣ ፊቱና ሰማያዊው ያለባቸው ሦስት ቦታዎች ተቆርጠው ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ በዋናው መጠን ይታተሙ። አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ከዋናው ሥዕል ጎን አስቀምጠው በአንድ ብርሃን ሥር ይመልከቱ፤ አንዱን መስኮት ሥር ሌላውን አምፖል ሥር ይዞ ማወዳደር ጭቅጭቅ ከመውለድ በቀር ጥቅም የለውም። ሁለት ዙር ቁራጭ አብዛኛውን ሥዕል ያደርሳል። ከአራት ዙር በኋላም ካልመጣ ወደ ህትመቱ ሳይሆን ወደ ፎቶው ይመለሱ።

ስለ መብቱ። ሥዕልን መሸጥ የቅጂ መብትን መሸጥ አይደለም፤ ይህ የአብዛኛው አገር ሕግ መርሕ ነው፤ ገዢው ዕቃውን ይይዛል፤ የማባዛት መብቱ በጽሑፍ ካላስተላለፉት በስተቀር ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ነገር ግን በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ከሆነ ወይም የፈረሙት ውል ካለ ያገርዎን ሕግና ውሉን ማየት ግድ ነው፤ ሥዕሉን የሠሩት ከሌላ ሰው ፎቶ አይተው ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከፎቶ አንሺው ነው። ሕጉ ቢፈቅድም ለገዢው አስቀድመው ይንገሩት። «ከዚህ ሥዕል 50 ህትመት አወጣለሁ» የሚል አንድ መስመር በሽያጭ ደረሰኙ ላይ ቢገባ በኋላ የሚመጣን ቅሬታ ይዘጋል። ቁጥሩን አንዴ ካወጁ ደግሞ አይንኩት፤ በሌላ መጠን ወይም በሌላ ወረቀት ሌላ 50 እያሉ መጨመር የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች መክዳት ነው። ሲሸጡም ቅጂ ህትመት መሆኑን ይጻፉ። ሠዓሊው ራሱ በእንጨት ወይም በመዳብ ላይ ቀርጾ የሚያወጣው ህትመት ራሱ ዋና ሥራ ነው፤ የእርስዎ ግን የሥዕል ቅጂ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የዋህ ገዢን ማሳሳት ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በእጅዎ ያለውን የስልክ ፎቶ ይርሱት፤ እሱን ለማዳን የሚያወጡት እያንዳንዱ ሳንቲም ብክነት ነው። ለማሽን ሊያወጡ ካሰቡት ገንዘብ ትንሹን ክፍል የሥዕል ማባዛት ለሚያውቅ ፎቶ አንሺ ይክፈሉ። ሠርግ የሚያነሳ ጥሩ ፎቶ አንሺ መሆኑ አይበቃም፤ «በፖላራይዘር ታነሳለህ? የቀለም ሰሌዳ ትጠቀማለህ?» ብለው ይጠይቁት። የሚቀበሉት ባለ 16 ቢት ቲፍ፣ ቢያንስ 5,000 በ6,600 ፒክስል ይሁን፤ ሁለት ቅጂ አድርገው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡት። ከዚያ በጥጥ ወረቀት፣ በፒግመንት፣ ቁራጭ እያዩ ያሳትሙ። መጀመሪያ አምስት ብቻ ያውጡ፤ ፋይሉ ካለ ቀሪውን ሲፈለግ ማተም ይቻላል።

እና ይህ ሁሉ ሥዕሉ ከቤትዎ ሳይወጣ፣ መስታወት ውስጥ ሳይገባ ይሁን። ገዢው ነገ ሊወስደው ከሆነ ቫርኒሹን ለመቀባትም ሆነ ክፈፍ ለመምረጥ አይቸኩሉ፤ ደውለው የሦስት ቀን ጊዜ ይለምኑት። ለፎቶው አንድ ቀን ይበቃል፤ ሁለቱ ቀናት ፋይሉ ተስተካክሎ የመጀመሪያው ቁራጭ ታትሞ ከዋናው ጎን እስኪታይ ድረስ ናቸው።